ፓርኬ ውስጥ የገባ የድመት ሽንት ሽታ እንዴት ይወጣል?

ምንጣፉ ታጥቧል። መስኮቱ ተከፍቶ ውሏል። ዕጣንም ጨሷል። ዝናብ ሲጥል ግን ሳሎኑ እንደገና ሽንት ሽንት ይሸታል።

ሐዋሳ ውስጥ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ቤት በዚህ ብዙም አይቸገርም። ወልውሎ ይገላገላል። መከራው ያለው ፓርኬ ወይም ጣውላ ላይ ሞኬት ያነጠፈ ሰው ቤት ነው። ድመቷ ወይም ቡችላው ሞኬቱ ላይ ይሸናል። ላዩ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይረሳል። ሽንቱ ግን ሞኬቱንና ስፖንጁን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ምንጣፉን ደጋግማችሁ ብታጥቡት ጠብ የሚል ነገር የለም። ሥራው ያለው ከስር ነው።

ደግነቱ ሥራው ከባድ አይደለም፣ ቀስ ያለ ነው እንጂ። ኃይለኛ ኬሚካል ፍለጋ ከመሮጥ ይልቅ ቅደም ተከተሉን መጠበቅና በየመሃሉ እንጨቱ እስኪደርቅ መታገሥ ይበልጥ ያዋጣል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ምንጣፉን መልሶ ማንጠፍ ይፈልጋል። አይሆንም። ሳሎኑ ቢያንስ ለሳምንት ያህል፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ ባዶ እንደሚቆይ ከቤተሰቡ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ፋሲካ ወይም ፊቼ ጫምባላላ ሊደርስ ሲል አትጀምሩት፤ እንግዳ ይበዛል።

ለምን ተመልሶ ይመጣል?

ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ። ባክቴሪያ ዩሪያውን ሲያፈራርሰው አሞኒያ ይወጣል። አፍንጫና ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ እሱ ነው። ይህኛው ከጊዜ ጋር ይተናል፣ ሲታጠብም ይለቃል። አስቸጋሪው ዩሪክ አሲድ ነው። ሲደርቅ ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃም በቀላሉ አያሟሟውም። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከሆነ ደግሞ ፌሊኒን የሚባል፣ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር በብዛት ይሸናል። ያ ከሩቅ የሚታወቀው የወንድ ድመት ሽታ የሚመጣው እሱ ሲፈራርስ ነው።

እነዚህ ቅሪቶች እርጥበት ሲያገኙ እንደገና ይሸታሉ። ሐዋሳ ደግሞ ሐይቅ ዳር ናት። በልግ ከገባ ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ አየሩ እርጥበት አያጣም፣ እንጨት ደግሞ እርጥበት ይስባል። በጥር የጠፋ የመሰለው ሽታ ሐምሌ ላይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። አዳማ የሚኖር ወዳጃችሁ «እኔ ቤት እኮ በአንድ እጥበት ለቀቀ» ቢላችሁ አትቅኑበት። የአዳማ ደረቅ ንፋስ ሸውዶት ይሆናል።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ሽንት ሲሸት የሁላችንም እጅ የሚሮጠው ወደ በረኪና ነው። ሽንት ላይ በረኪና አታፍስሱ። ሽንቱ ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረት ያፍናል። በሩን ዘግቶ ተንበርክኮ የሚፈትግ ሰው ደግሞ አፍንጫው ከወለሉ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ቤትማ ጨርሶ አይሞከርም። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ እሱ ይብሳል። ከዚህ በፊት በረኪና የፈሰሰበት ወለል ከሆነ ንጹህ ውሃ በነካው ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

የፈላ ውሃም አይሆንም። ሙቀት የሽንቱን ፕሮቲን እንጨቱ ላይ ያጣብቀዋል፣ ፓርኬው የተለጠፈበትን ኮላም ያላላል። ውሃ በባልዲ መድፋት ሽንቱን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፓርኬው አብጦ ይነሳል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ይቅር። ድመቷ አሸትታ «እዚህ ነበር ለካ ቦታዬ» ብላ ትመለሳለች።

ዕጣን፣ ሰንደልና የሚረጭ ሽቶ ቤቱን ለአንድ ሰዓት ያታልሉታል። ከርቤና ሽንት ሲደባለቁ የሚመጣውን መዓዛ ደግሞ ያየ ያውቀዋል። ከሰል በሳህን አድርጎ ጥግ ላይ ማስቀመጥ የክፍሉን አየር ትንሽ ይረዳ ይሆናል፤ እንጨቱ ውስጥ ያለውን ግን አይነካውም።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ጓንት፣ ማስክ፣ ከተር፣ ፒንሳ፣ ጠመኔ፣ ያረጁ የጥጥ ጨርቆች (አሮጌ ፎጣና ከነቴራ ይበቃል)፣ ሰፋ ያለ ላስቲክ፣ ፕላስተር፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። ከኩሽና አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳና ላርጎ። ከፋርማሲ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። የፀጉር ቤቱን ፐርኦክሳይድ አትጠቀሙ፤ እሱ 6፣ 9 ወይም 12 ፐርሰንት ስለሚሆን ቆዳ ያቃጥላል፣ እንጨቱንም ያነጣዋል።

ዋናው ግን ኤንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚያፈራርስ ንጥረ ነገር) ያለበት የቤት እንስሳት ሽንት ማጽጃ ነው። ሁልጊዜ ሱቅ ላይ አይገኝም። የእንስሳት መድኃኒት ቤቶችንና ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችን ጠይቁ፣ ካልሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያምጣላችሁ። ጠርሙሱ ላይ ኤንዛይም መኖሩን አንብቡ። «መጥፎ ጠረን ያጠፋል» ብቻ የሚል ከሆነ ሽቶ ሊሆን ይችላል።

ጭራሽ ከጠፋ፣ ማሸጊያው ላይ ኤንዛይም እንዳለው የተጻፈበት የልብስ ዱቄት ሳሙና አለ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውሃ። የሽንቱን ፕሮቲንና ቆሻሻ ያነሳል። ዩሪክ አሲዱን ግን እንደ ልዩ ማጽጃው አይሰብረውም፣ ስለዚህ በኋላ የሚመጣውን የፐርኦክሳይድ ሥራ መዝለል አትችሉም።

የተከራያችሁት ቤት ከሆነ ሞኬቱን ከመንቀላችሁ በፊት አከራዩን አናግሩ። ፓርኬ መፋቅ ድረስ የሚሄድ ሥራ ሊሆን ይችላል።

1. ቦታውን ማግኘት

አፍንጫችሁን አትመኑት። ቤት ውስጥ የዋለ አፍንጫ ሽታውን ይለምደዋል። እንግዳም አይነግራችሁም፤ ይሉኝታ ይዞት «ኧረ ምንም አይሸትም» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ልጅ ግን አይዋሽም። የጎረቤት ልጅ ጠርታችሁ «እስቲ የቱ ጋ ነው የሚሸተው?» በሏት። ወይም ራሳችሁ ውጭ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ግቡና ወዲያውኑ ተንበርክካችሁ ጥግ ጥጉን አሽትቱ።

ከአፍንጫ ቀጥሎ ያለው መሣሪያ መብራት ነው። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ያ ሐምራዊ የእጅ ባትሪ የደረቀ ሽንትን ቢጫ ወይም አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል። ላዩ ላይ 365 ናኖሜትር የሚል ካገኛችሁ ከ395ቱ ይሻላል። ሥራው ድቅድቅ ጨለማ ይፈልጋል፤ ማታ ላይ መብራት ሄዶ ከሆነ ለአንዴ እንኳ ጠቀማችሁ ማለት ነው። ባትሪውን ወደ ወለሉ ጠጋ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ ያዙት። ሳሙናና አንዳንድ ቫርኒሽም ያበራሉ፣ ስለዚህ ያበራውን ሁሉ ሽንት አትበሉት። ካበራ አሽትቱ። ሁለቱም ከተስማሙ በጠመኔ ክበቡት።

ክቡን ከምታዩት እድፍ አንድ ስንዝር ያህል አስፉት። ሽንት ሞኬት ላይ ትንሽ ቦታ ይዞ፣ ከስር ስፖንጁ ላይ ሲደርስ በሰፊው ይዘረጋል። ግድግዳውንም እዩ። ወንድ ድመት ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይረጫል፣ ስለዚህ ዞኮሎው፣ የመጋረጃው ጫፍና የሶፋው ጀርባ አይረሱ። ዞኮሎ ስር የገባ ሽንት ሳይነካ ከቀረ የወለሉ ልፋት በሙሉ ገደል ይገባል።

2. ምንጣፉን ማንሳት

ዕቃውን አውጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ማስክና ጓንት አድርጉ። ሞኬቱ በዞኮሎው ዙሪያ በሚስማር የተያዘ ከሆነ ከጥግ ጀምራችሁ በፒንሳ እየጎተታችሁ አንሱት። በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ በከተር ክንድ በክንድ እየቆረጣችሁ ጠቅልሉት። ከተሩን ስትስቡ ፓርኬውን እንዳትጭሩት ስለቱን አጭር አድርጉ።

ከስር ያለው ስፖንጅ ሽንት ከነካው ይጣላል። አጥቤ አደርቀዋለሁ አትበሉ። ስፖንጅ የያዘውን አይለቅም። ሞኬቱም ጀርባው ላይ ቡናማ ክብ ካለ ለማዳን መልፋቱ ብዙም አያዋጣም። የሱፍ ስጋጃ ወይም ውድ ምንጣፍ ከሆነ ግን ውጭ አውጥታችሁ ለብቻው በኤንዛይም ማጠብና በደንብ ማድረቅ ይቻላል።

አንዳንድ ቤት ፓርኬው እንዳይጫር ተብሎ ከሞኬቱ ስር ላስቲክ ይነጠፋል። ይህ ላስቲክ ነው ዋናው ጠላት። ሽንቱ በመጋጠሚያው በኩል ሾልኮ ይገባና መውጫ ያጣል። ላስቲኩን ስትገልጡት እንጨቱ ጠቁሮ፣ አንዳንዴም ነጭ ሻጋታ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ሽታውም ያን ጊዜ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። አትደንግጡ። በመከፈቱ ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ይለቃል፣ ስለዚህ በዚያ ቀን ሌላ ነገር አትንኩ። መስኮትና በር ተከፍቶ ይዋል።

ፓርኬው ላይ ተጣብቆ የቀረውን ስፖንጅ በፕላስቲክ ስፓቱላ ፋቁ። የቀሩ ሚስማሮችን ንቀሉ። አቧራውን በመጥረጊያ ከማቡነን እርጥበት በነካው ጨርቅ አንሱት።

3. እንጨቱን መመርመር

ክቡ ውስጥ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ቫርኒሹ ደህና ነው፤ ሽንቱ የገባው በፓርኬዎቹ መጋጠሚያ ብቻ ነው። ጠብታው ተመጦ እንጨቱን ካጠቆረው ቫርኒሹ አልቋል፣ እንጨቱ ራሱ ጠጥቷል። ሦስተኛው ዓይነት በጥፍር ስትጫኑት የሚሰረጉድ ወይም ጠርዙ የተነሳ ፓርኬ ነው። እሱን ማጽዳት ጊዜ ማባከን ነው፤ ወደ ታች «የማይድን ፓርኬ» በሚለው ስር የተጻፈውን አንብቡ።

ጥቁር እድፍ ስታዩ ሁሉ ነገር አለቀ አትበሉ። እድፍና ሽታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሞኒያ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ቀለሙን ያጠቁረዋል። ሽታው ወጥቶ ጥቁረቱ ሊቀር ይችላል። ተመልሶ ምንጣፍ የሚነጠፍበት ወለል ከሆነ ጥቁረቱ ምን ያደርጋችኋል?

4. የመጀመሪያው ጥርጊያ

አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ጨርቅ ነክራችሁ ጥምዝዝ አድርጋችሁ ጭመቁ፤ ሲያነሱት የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። በእንጨቱ መስመር ተከትላችሁ ጥረጉ። የቆየ ሽንት አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ አቼቶው አሞኒያውን ያረግበዋል። ጨርቁ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አጥባችሁ ድገሙት። ቡናማው ሲቀንስ ንጹህ ውሃ በነካው ጨርቅ አንዴ ጥረጉና አድርቁ።

ይህች የመጨረሻዋ ጥርጊያ ትንሽ ትመስላለች ግን እንዳትዘሉት። አቼቶ የቀረበት ወለል ላይ ኤንዛይም ብታደርጉ ኤንዛይሙ በደንብ ላይሠራ ይችላል።

አቼቶን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር አንድ ላይ አፍልቶ ማፍሰስ የተለመደ ምክር ነው። አረፋው ያስደስታል። ግን አሲድና አልካሊው እርስ በርስ ተጠፋፍተው የሚቀረው ባብዛኛው ጨው ያለው ውሃ ነው። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው።

5. ኤንዛይሙን ማሳደር

ብዙ ሰው ኤንዛይም ገዝቶ እንደ ሴራሚክ ማጽጃ ረጭቶ ወዲያው ይጠርገዋል። ከዚያ «አይሠራም» ይላል። ኤንዛይም ጊዜና እርጥበት ይፈልጋል። እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ይሠራል፤ ሲደርቅ ይቆማል። በሌላ በኩል ደግሞ ፓርኬ እርጥበት አይወድም። ሁለቱን ማስታረቂያው መንገድ ጨርቅ ነው።

የጥጥ ጨርቁን በኤንዛይሙ ንከሩት፣ እስከማይንጠባጠብ ጭመቁት፣ ክቡን በሙሉ እንዲሸፍን ዘርጉት። እጃችሁን አድርጋችሁ ደህና አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ጨርቁና እንጨቱ መሃል አየር አይቅር። ከላይ ላስቲክ አልብሱና ጠርዙን በፕላስተር ያዙት። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይተዉ። ቫርኒሹ ያለቀ ከሆነ 12 ሰዓት ይብቃው።

መጋጠሚያዎቹ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። ሲሪንጁን (ያለ መርፌ) በኤንዛይም ሙሉና በሁለት ፓርኬ መካከል ባለችው መስመር ጫፉን እያስኬዳችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ። መስመሯ ስትሞላና ፈሳሹ ላይ ሲቆም አቁሙ። የተረፈውን በጨርቅ አንሱ። ቫርኒሹ ደህና የሆነ ወለል ላይ ባብዛኛው ሥራው ይኸው የመስመር ሥራ ብቻ ነው፤ ጨርቁም ላያስፈልግ ይችላል። ዞኮሎውም ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ በዚሁ መንገድ ይሠራል። እንጨት የሆነ ዞኮሎ ከሆነ ነቅሎ ጀርባውን ማየት ይሻላል።

ኤንዛይሙን ወይም የዱቄት ሳሙናውን ውሃ በጣም አታሙቁ። ለብ ያለ ይበቃል፤ ሙቀት ኤንዛይሙን ይገድለዋል። ድመቷንም ከክፍሉ አስወጡ፣ በሩን ዝጉ። እርጥብ ጨርቅ ያየች ድመት ምን እንደምታደርግ አይታወቅም።

በማግስቱ ላስቲኩንና ጨርቁን አንሱ። ሽታው ከመጀመሪያው ይልቅ ሊበረታ ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፤ እርጥበቱ ቀሪውን ቀስቅሶታል። ሳይደርቅ አትፍረዱ።

6. ማድረቅ

መስኮት ክፈቱ፣ ካለ ቬንትሌተር ወደ ወለሉ አዙሩ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም የከሰል ምድጃ አታስጠጉ፤ በኃይል የደረቀ እንጨት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በበጋ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። በሐምሌና በነሐሴ ሳምንት ቢሞላ አይግረማችሁ። ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ዝጉ፣ ሲያባራ ክፈቱ።

መድረቁን ለማወቅ የክንድ ያህል ካሬ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ዝጉ። በማግስቱ ከስሩ ጤዛ ካያችሁ ገና ነው።

ሽታውን ለመፈተን ደግሞ ማታ ላይ ቦታው ላይ ብርጭቆ ድፉ። ጠዋት ፊታችሁን ከመታጠባችሁ በፊት ብርጭቆውን ብድግ አድርጋችሁ ወዲያው አሽትቱ። ክፍሉ ውስጥ የማይሰማ ሽታ ብርጭቆው ውስጥ ተጠራቅሞ ያድራል። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ብትደፉ የትኛው ክብ እንደቀረ በግልጽ ይለያል። ሽታው ከቀነሰ ግን ካልጠፋ የኤንዛይሙን ሥራ ድገሙት። የቆየ ሽንት በአንድ ዙር የሚለቀው ከስንት አንዴ ነው።

7. ለግትሩ ሽታ ፐርኦክሳይድ

ከሁለት ዙር በኋላም የሚሸት ከሆነ ወደ ፐርኦክሳይድ እለፉ። ግማሽ ሊትር 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ላርጎ። የዚህ ውህድ መነሻ ፖል ክሬባውም የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ስከንክ የሚባል፣ ሲቆጣ የሚገማ ፈሳሽ የሚረጭ እንስሳ ለሚያበላሸው የቤት እንስሳት ፀጉር ነበር። የስከንኩም የወንድ ድመቱም ሽታ ድኝ ካለባቸው ንጥረ ነገሮች ስለሚመጣ ለኛም ችግር ይሠራል።

በፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ቀላቅላችሁ ወዲያውኑ ተጠቀሙበት። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ አታስቀምጡ። ጋዝ ስለሚያወጣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። አቼቶ ያለበት ዕቃ ውስጥም አትቀላቅሉት።

መጀመሪያ ሶፋ በሚሸፍነው ጥግ ላይ ሞክሩ። ፐርኦክሳይድ እንጨት ያነጣል። ጥቁረት ላለበት ቦታ ይህ ጸጋ ነው፤ ደህና ለሆነው ፓርኬ ግን ነጭ ክብ ይተውበታል። ችግር የሌለው ከሆነ በጨርቅ ቀቡት፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ንጹህ ውሃ በነካው ጨርቅ ደጋግማችሁ ሶዳውን አንሱ፣ አድርቁ። ነጭ ዱቄት ከቀረ እንደገና ጥረጉ። ጓንት አይውለቅ።

8. ማሸግ

ብርጭቆው ንጹህ ሽታ ከሰጣችሁ እዚህ ልታቆሙ ትችላላችሁ። ቫርኒሹ ያለቀበት እንጨት ግን መታሸግ አለበት፣ አለበለዚያ ቀጣዩን ሽንት እንደገና ይጠጣል።

በብርጭቆ ወረቀት በ80 ቁጥር ጀምራችሁ በ120 ጨርሱ፤ በእንጨቱ መስመር ብቻ ፋቁ። አቧራው ሽንት የነካው ስለሆነ ማስክ ግድ ነው። ሙሉ ሳሎን ከሆነ የፓርኬ መፋቂያ ማሽን ያለው ባለሙያ አስመጡ። ፓርኬው ከዚህ በፊት ተፍቆ የሳሳ እንደሆነ አስቀድሞ ይይ።

ለማሸጊያ እኔ የምመርጠው አናጺዎች በአልኮል የሚያሟሙትን ጎማላካ ነው። ሽታ አፍኖ በመያዝ ረገድ ከተራ ቫርኒሽ በጣም ይሻላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ ድገሙ። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ብሩሹን መለስ ቀለስ አድርጉት። እርጥብ እንጨት ላይ ከቀባችሁት ነጭ ጉም ያበጃል። ተራው ጎማላካ ሰም አለበት፣ ስለዚህ ከላዩ ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ብትቀቡ በደንብ ላይይዝ ይችላል። ሰሙ የወጣለትን ጠይቁ። ምንጣፍ ለሚነጠፍበት ወለል ግን ጎማላካው ብቻውን ይበቃል።

አልኮሉ እሳት ይወዳል። ጎማላካ በሚቀባበት ቀን ሳሎን ውስጥ ቡና አይፈላ። ከሰሉ፣ ሻማው፣ ሲጋራው ሁሉ ከቤት ይውጣ፣ መስኮቱም ክፍት ይሁን።

ሽታው ሳይወጣ ማሸግ ግን ራስን ማታለል ነው። ለአንድ ዓመት ጸጥ ሊል ይችላል። ቫርኒሹ አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ያው ሽታ ተመልሶ ይመጣል።

የማይድን ፓርኬ

የላሸቀውን ወይም ተፍቆም ውስጡ ድረስ የጠቆረውን ፓርኬ በመሮና በመዶሻ ከመሃሉ ሰንጥቃችሁ አንሱ፤ ከጠርዝ ከጀመራችሁ ጎረቤቱን ትጎዳላችሁ። ከስር ያለው ሲሚንቶም ሽንት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ኤንዛይሙን እሱም ላይ አድርጉ፣ አድርቁ፣ ጎማላካ ቀቡት። ከዚያ አዲሱ ይለጠፍ። አንድ ናሙና ፓርኬ ይዛችሁ እንጨት ሥራ ቤት ሂዱ፤ ውፍረቱ ከሌላው ጋር እኩል ካልሆነ እግር ያደናቅፋል።

ድመቷስ?

ወለሉን አድናችሁ ምክንያቱን ከተዋችሁት ዓመት አይሞላውም። ለድመቷ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ያለበት ሰፊ ሳህን ጸጥ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ ከምግቧ ራቅ አድርጉ፣ በየቀኑ አንሱላት። ሁለት ድመት ካለ ሦስት ሳህን ይሻላል። የቆሸሸ ሳህን ያየች ድመት ምንጣፍ ትመርጣለች፤ አትፈረድባትም። ቡችላ ከሆነ እንደነቃ፣ እንደበላና እንደተጫወተ ወዲያው ወደ ግቢ ይውጣ። በሽንቱ አፍንጫውን ማሸት የድሮ ልማድ ነው። የሚያስተምረው ነገር የለም፣ ተደብቆ መሽናትን ካልሆነ በቀር።

የሚረጭ ወንድ ድመት ከተኮላሸ ባብዛኛው ይተወዋል። ሳህኗን ስትጠቀም ኖራ ድንገት የተወች ድመት ግን ሳትታመም አትቀርም፤ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ወንድ ድመት ደጋግሞ ለመሽናት እያማጠ ምንም ካልወጣው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይገድለዋል፣ ስለዚህ ለነገ አይባልም።

ምንጣፉን መመለስ

ከተቻለ አንድ ደህና ዝናብ እስኪጥል ጠብቁና በማግስቱ ጠዋት በብርጭቆው ፈትኑ። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ለግድግዳ የተቸነከረ ሞኬት ከማንጠፍ አንድ ሰው ብቻውን ጠቅልሎ የሚያነሳውን ምንጣፍ ምረጡ። ከስሩ ላስቲክ አይግባ። በየወሩ ገልጣችሁ ወለሉን አናፍሱ፣ ባትሪውንም አብርታችሁ እዩ። አዲስ ሽንት ካገኛችሁ በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ ምጠጡት፣ አትፈትጉት፣ ወዲያው ኤንዛይም አድርጉበት። ወዲያው የተያዘ ሽንት እንጨት ውስጥ በጥልቀት ለመግባት ጊዜ አያገኝም።